ማንም ሳያውቅ ጀመርኩ፤ ማንም ሳያውቅ ልተወው?

«ጤና ይስጥልኝ። ስሜን ባለመጥቀሴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕድሜዬ 33 ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ስናጠና ከጓደኞቼ ጋር እንደ ቀልድ የጀመርኩት ሲጋራ ይኸው 12 ዓመት ሆነው። በቀን አምስት ስድስት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። እናቴ አታውቅም። መሥሪያ ቤትም የሚያውቅ የለም። አብረውኝ የጀመሩት ጓደኞቼ እንኳ የተውኩ ነው የሚመስላቸው። ከሰፈሬ ሱቅ ገዝቼ አላውቅም፤ ሁለት ሰፈር አልፌ ከሱቅ በደረቴዎች ነው የምገዛው፤ ያውም ‹ለወንድሜ ነው› እያልኩ። ከዚያ ማስቲካ፣ ከዚያ ሽቶ፣ ጣቴን ደግሞ በሎሚ። ማታ እናቴ ስትተኛ በረንዳ ላይ እወጣለሁ።

ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል። እጮኛዬ ደግ ሰው ነው። አንድ ቀን ግን ካፌ በር ላይ ቆማ የምታጨስ ልጅ አየና ‹እንዲህ ዓይነቷን ማን ያገባታል?› አለ። አብሬው ሳቅኩ። ያን ዕለት ማታ ሦስት አከታትዬ አጨስኩ።

ለማቆም ሞክሬ ነበር። ያለፈውን ዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን አንድ አልነካሁም። ፋሲካ ዕለት እናቴ ቡና አፍልታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ ‹ስልክ ላናግር› ብዬ ወጣሁና ተመለስኩበት። ከዚያ ወዲህ በራሴ ላይ እምነት የለኝም።

አሁን የጨነቀኝ ይህ ነው። ዝም ብዬ አቁሜ፣ ምንም ሳልናገር ልግባ? ወይስ ነግሬው የመጣውን ልቀበል? ደግሞስ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማቆሙ ምን ይለውጣል? ሳንባዬ የተጎዳው ተጎድቷል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ይወፍራል ሲሉም ሰምቻለሁ፤ ቬሎዬ ደግሞ ተለክቷል። እባክዎ አይሳቁብኝ። ቨርጂኒያ ያለችው ታላቅ እህቴ ለሠርጉ ትመጣለች፤ እሷም አታውቅም።

ድብቋ፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ «አንቺ» ስልሽ እንደ ታላቅ እህት ቁጠሪኝ። በቬሎው አልሳቅሁብሽም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ፋሲካው እናውራ፤ አንቺ የሽንፈትሽ ማስረጃ አድርገሽ የጻፍሽው ነገር ለእኔ ሌላ ነው የነገረኝ።

ኒኮቲን የለመደ ሰው ሲያቆም ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ይህ የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ከዚያ እየላላ ይሄድና አብዛኛውን ሰው በሦስት በአራት ሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። አንቺ የቆየሽው 55 ቀን ነው። ጾሙ ተጋምሶ ደብረ ዘይት ሲደርስ ሰውነትሽ ከባዱን ጨርሶት ነበር። ያውም ያለ መድኃኒት፣ ያለ ረዳት፣ ሥራሽን እየሠራሽ። ስለዚህ «አልችልም» የሚለውን ቃል አልቀበልሽም፤ መቻልሽን አንቺው ጽፈሽልኛል።

ታዲያ ፋሲካ ዕለት ምን አወጣሽ? ሁለት ነገር ይታየኛል፤ ትክክል ካልሆንኩ አርሚኝ። አንደኛው፣ ጾም መፍቻ ቀን አለው። ከዘወረደ ጀምረሽ ፋሲካን ስትጠብቂ ከዶሮው ከዕንቁላሉ እኩል ለሲጋራውም ቀን ተቆርጦለት ነበር። በጾሙ መሐል «ከፋሲካ በኋላስ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቀሽ ታውቂ ነበር? የጠየቅሽ አይመስለኝም። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ማጨስሽን የሚያውቅ ስላልነበረ መተውሽንም የሚያውቅ አልነበረም። ያን ዕለት ስልኩን ይዘሽ ስትወጪ «ምነው፣ ትተሽው አልነበር?» የሚልሽ አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። 55 ቀን የፈጀ ሥራ እንዲህ በቀላሉ የፈረሰው ጉልበት አንሶሽ ሳይሆን ብቻሽን ስለነበርሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

«ምን ይለውጣል?» ላልሽው ልመልስ። በብሪታንያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ፤ ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ማጨሳቸውን ሳያቋርጡ የቀጠሉት ሴቶች በአማካይ ከማያጨሱት ቢያንስ አሥር ዓመት ቀድመው ነው የሚሞቱት። አርባ ሳይሞላቸው ያቆሙት ግን ሲጋራ ከሚጨምርባቸው የሞት አደጋ ከመቶው ዘጠና እጁን አምልጠዋል። አንቺ 33 ነሽ። «እንግዲያው ሰባት ዓመት አለኝ» እንዳትዪኝ ብቻ፤ ሠላሳ ሳይሞላቸው የተዉት ከዚያም የበለጠ ነው ያተረፉት፤ እያንዳንዱ ዓመት ዋጋ አለው። ቅርቡን ካየን ደግሞ፣ ካቆምሽ በቀናት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደምሽ ይወጣል። በሁለት በሦስት ወር የደም ዝውውርሽና የሳንባሽ አቅም ይሻሻላል፤ ይህም ማለት አሁን ብትጀምሪ ሠርግሽ አካባቢ ማለት ነው። ዓመት ሲሞላሽ ሲጋራው የጨመረብሽ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ይወርዳል። በእኛ አገር ደግሞ የሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) አለ፤ የሚያጨስ ሰው በእሱ የመታመም ዕድሉ ከማያጨሰው ከእጥፍ በላይ ነው።

«አምስት ስድስት ብቻ» ያልሽው ቃል ትንሽ ያሳስበኛል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲያንስ ጉዳቱም በዚያው ልክ የሚያንስ ይመስለዋል። የልብ ነገር እንዲህ አይደለም። በቀን አንድ ሲጋራ የምታጨስ ሴት፣ በቀን ሃያ የምታጨሰዋ ካለባት ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ትሸከማለች፤ አንድ ሃያኛውን አይደለም። ስለዚህ ወደ ሁለት ዝቅ አድርገሽ ለመኖር አታስቢ። ሺሻ ይሻላል የሚልሽም ካለ አትስሚው፤ በአንድ መቀመጥ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለሴት፣ በተለይ ልታገባ ላለች ሴት፣ ከሌላው የሚለይ ጉዳይ አለ። ከሠርጉ በኋላ ወይ ለመውለድ ታስባላችሁ ወይ ለጊዜው እንቆይ ትላላችሁ። እንቆይ ካላችሁና በየቀኑ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ኪኒን ከመረጥሽ፣ ሲጋራና ጥምር ሆርሞን ያለው ኪኒን አብረው የደም መርጋት፣ የስትሮክና የድንገተኛ የልብ ሕመም አደጋ ይጨምራሉ፤ 35 ዓመት ካለፈ በኋላ ለምታጨስ ሴት ሐኪሞች ይህን ኪኒን አይመክሩም። ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ነርሷ «ታጨሻለሽ ወይ?» ብላ ስትጠይቅሽ ምን ነበር የምትመልሺው? «አይ፣ አላጨስም» ነው ብዬ እገምታለሁ። ድብብቆሹ ሰፈሩን አልፎ ካርድሽ ላይ ሲጻፍ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፤ ከማርገዟ በፊት ያቆመች እናት የምትወልደው ሕፃን ክብደት ከማታጨስ እናት ልጅ ጋር የተቀራረበ ነው። 12ቱ ዓመት በልጅሽ ክብደት ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ሰው ማወቅ አለበት እላለሁ። ሁሉም አይደለም፤ አንድ ሰው። እንደ እኔ ይህ ሰው ታላቅ እህትሽ ናት። ለምን እሷ? ሩቅ ናት፤ ነገሩ ከእሷ ወጥቶ ሰፈር አይደርስም። የምትኖረውም ሴት ስታጨስ ዓይን በማይበዛበት አገር ነው። ትደነግጥ ይሆናል፣ ትቆጣሽም ይሆናል፤ ግን አስቢው፣ ለእህትሽ ከዚህ የከፋ ነገር ነግረሻት ታውቂያለሽ? ያኔስ እንዴት ሆነች? መልሱ የሚያስፈራ ከሆነ ሌላ ሰው ምረጪ፤ ከቀድሞ ጓደኞችሽ በእውነት የተወች ካለች እሷ ትሻላለች። የንስሐ አባትሽን ማናገር ከፈለግሽም መልካም ነው። እንደ ቀኖና ብቻ እንዳትይዢው አደራ፤ ቀኖናም እንደ ጾም የሚያልቅበት ቀን አለው።

እህትሽ ሌላም ጥቅም አላት። የኒኮቲን ፕላስተርና የኒኮቲን ማስቲካ አሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይገዛል፤ እዚህ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ፕላስተሩ ቆዳ ላይ ይለጠፍና ኒኮቲኑን ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ጭሱ፣ ሬንጁ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በቀን ከአሥር በታች ለሚያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በባለ 14 ሚሊ ግራሙ ነው፤ ባለ 21ዱ ለአንቺ ይበዛል። ማስቲካው ደግሞ እንደምታውቂው ማስቲካ አይደለም፤ ጥቂት ታኘኪና ምላስሽን ቆንጠጥ ሲያደርግሽ በጉንጭሽና በድድሽ መሐል ታስቀምጪዋለሽ። ሰው የሚመጣ ካለ አስቀድማ ትላክልሽ፤ ለሠርጉ ስትመጣ ይዛ ትምጣ ብለሽ አትጠብቂ። ከመጀመርሽ በፊት ግን ሐኪም አማክሪ፤ የልብ ችግር ካለብሽ ወይም እርግዝና ከጠረጠርሽ በተለይ። ባይደርስልሽም አትቁሚ፤ ያለ እሱም 55 ቀን ሄደሻል።

ቀኑን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቁረጪ። የገና ጾም እስኪገባ አትጠብቂ፤ ለምን እንደምል ገብቶሻል። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ልትጀምሪ አስበሽ ከነበረም ተይው። የዲኮሩ፣ የሚዜው፣ የዘመዱ ግርግር ባለበት ሳምንት የሦስተኛው ቀን ንጭንጭ ሲጨመር ቤቱ ይበጠበጣል።

ቡና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጣለሽ እሱ ነውና። የሲጋራ ጭስ ጉበት የቡናውን ካፌይን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራው ሲቆም ይህ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያው የለመድሽው ሦስት ስኒ በደምሽ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውም «ሲጋራው ነው፣ አልቻልኩትም» ብሎ ይመለሳል። ከሚመለሱት መሐል ስንቱ በቡናው ምክንያት እንደተመለሰ ሳስበው ይገርመኛል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቦሉን እለፊው፤ ከቶናው አንድ ስኒ፣ ቢበዛ በረካውን ጨምረሽ። እናትሽ «ምነው?» ካሉሽ «እንቅልፍ እየነሳኝ ነው» በያቸው፤ ውሸትም አይደለም። ቡናው ሲያበቃ ደግሞ እግርሽ ወደ በረንዳ መሄድ ለምዷል። ረከቦቱን አንሺና ስኒዎቹን እጠቢ። የሲጋራ አምሮት ሲመጣ የማያልፍ ይመስላል እንጂ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እጅሽ ውሃ ውስጥ እያለ ያልፋል። ማታ ማታ ለሚመጣው ለእህትሽ የድምፅ መልእክት ላኪላት፤ እንደ ዛሬው «ለወንድሜ ነው» እያልሽ ሁለት ሰፈር ከመሄድ ይቀላል።

ቬሎው። አዎ፣ ብዙ ሰው ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ። ሁሉም አይደለም፣ ባንድ ጊዜም አይደለም። ሁለት ወር ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ብትጨምሪ የሰፊዋ ሥራ ነው፤ የመጨረሻውን ልክ ጥር መግቢያ ላይ ውሰጂ። ጣፋጩን በቆሎ ለውጪው። ቆሎ አፍንም ጣትንም ሥራ ያስይዛል፤ ለሚያጨስ ሰው የጣቱ ነገር ቀላል አይደለም።

አሁን ከባዱ። እጮኛሽ ያን ቃል ሲናገር ከጎኑ ቆመሽ መሳቅሽ እንዴት እንደተሰማሽ ይገባኛል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከጓደኞቹ መሐል የሚያጨስ ወንድ የለም? ካለ፣ ስለ እሱ «ይህን ማን ታገባዋለች?» ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያ ቃል ስለ ጭሱ አልነበረም፤ ስለ ሴት ነበር። በአገራችን ትንባሆ የሚጠቀሙ ሴቶች ከመቶ ሁለት አይሞሉም፤ ሰው ያላየውን ነገር ደግሞ ቶሎ ይፈርድበታል። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ካፌና ሬስቶራንት ውስጥ ማጨስን ከከለከለ ወዲህ የሚያጨስ ሁሉ በር ላይ ነው የሚቆመው። ለጤና ጥሩ ሕግ ነው፤ የዚያችን ልጅ ዓይነት ሴት ግን ለመንገደኛ ምላስ አጋልጧታል። እጮኛሽ ያን ዕለት የተናገረው ከአፉ ያመለጠ የሰፈር ወሬ ይሁን የልቡ እምነት አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሰው አልመዝንም።

ሳትነግሪው አቁመሽ መግባት ትችያለሽ። ያለፈ ነገርሽን ሁሉ የመናገር ዕዳ የለብሽም፤ በዚህ ከማይስማሙ ብዙ አማካሪዎች እለያለሁ። ግን ዋጋውን አስይው። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ አምሮቱ ሲመጣብሽ ምን ሆንሽ ሲልሽ ምን ትመልሻለሽ? ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት መንሸራተቱ የተለመደ ነው፤ ብትንሸራተቺ እንደገና ማስቲካው፣ ሽቶው፣ በረንዳው ሊጀምር ነው፤ ያውም አሁን ከባልሽ። ስለዚህ ምርጫው ለእኔ ቢሆን እነግረዋለሁ፤ ግን አሁን አይደለም፤ አራት አምስት ሳምንት ጨርሼ። «አጨሳለሁ» ማለትና «ከአንድ ወር በፊት ተውኩ፤ እንዳልመለስ ያንተን እገዛ እፈልጋለሁ» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው እሱንም ሥራ ይሰጠዋል። ቀን ላይ፣ በእግር እየሄዳችሁ፣ እንደ ኑዛዜ ሳታደርጊው። የዚያን ቀን ቃልም አንሺበት፦ «ካፌው በር ላይ ያልከውን ስሰማ ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ።» ከዚያ ዝም በይና ስሚው።

ሊከፋው፣ ሁለት ሦስት ቀን ሊኮራረፍ ይችላል፤ ያ ያልፋል። «ቁጣው ከቃል አልፎ እጅ ይሆናል» ብለሽ የምትሠጊ ከሆነ ግን ጥያቄው ሲጋራው መሆኑ ቀርቷል፤ ለእሱ ከመናገርሽ በፊት ስለ ሠርጉ ራሱ ከእህትሽ ጋር ተመካከሪ።

እናትሽን በተመለከተ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አሁን ንገሪያቸው አልልሽም። አንድ ሰው በቂ ነው፣ ቢበዛ ሁለት።

አንድ ቀን ብታጨሺ ደግሞ ያቺን አንዲቷን ለእህትሽ ተናገሪና በነጋታው ካቆምሽበት ቀጥዪ፤ «ጾሙ ፈርሷል» ብለሽ ፓኮውን አትግዢ። ይህን አሁኑኑ ከእሷ ጋር ተስማሙበት። ቨርጂኒያ ከእኛ ሰባት ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብትደውዪ እዚያ ገና ሌሊት ነው፤ ወደ አመሻሹ 11 ሰዓት ቢሆን ይሻላል።